«እማዬ፣ ሁሉ ነገር ስብከት ነው እንዴ?»

ደብዳቤው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አነስተኛ ቁርስ ቤት አለችኝ። ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከዝናቡም ከእህሉም ከከብቱም የእግዚአብሔርን ነገር እያወጣች ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። እኔም ልጆቼን እንደዚያው ላሳድግ ብዬ ያየሁትን ሁሉ ወደ እምነት ትምህርት ለመለወጥ እሞክራለሁ። የ14 ዓመቱ ልጄ ግን ሰልችቶታል። ሰሞኑን ሽሮው ሲገነፍል አይቼ ስለ ቁጣ ልነግረው ስጀምር ‹እማዬ፣ ሁሉ ነገር ስብከት ነው እንዴ?› አለኝ። ደነገጥኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ አፄ ሱስንዮስ ዘመን ተምሮ መጣና ‹ክርስቲያን ክርስቲያንን በሃይማኖት ከገደለ ከዚህ ምን ትምህርት ይወጣል?› ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ክረምት ላይ አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ የልጄ ጓደኛ፣ ሐይቁ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ለቅሶ ቤት ‹እሑድ ቅዳሴ ትቶ ዋና ሄዶ ነው› ሲባል ሰማሁና መቀጣጫ ይሆነዋል ብዬ ለልጄ ደገምኩለት። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አያዋራኝም። ከዕለት ኑሮና ከታሪክ የእምነት ትምህርት የሚወጣው እንዴት ነው? እኔስ ቄስ ሳልሆን፣ ሰባኪ ሳልሆን፣ ይህን ማድረግ ይገባኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ማብቂያ ላይ ቶሎ ብለሽ ያለፍሽውን ነገር አስቀድሜ ላንሣ፤ የሰጠመውን ልጅ። ሌላው ጥያቄሽ ሁሉ ከእሱ በኋላ ይደርሳል።

ልጅሽ ጓደኛውን ቀብሯል። ሐዘኑ ገና ሳይበርድለት ከእናቱ አፍ የሰማው ጓደኛው ተቀጥቶ እንደሞተ ነው። ቃልሽ እንደዚያ ባይልም እሱ የሰማው ያንን ነው። ስለዚህ ዝም ቢልሽ አልፈርድበትም። ልቡ ውስጥ ያለውን ቢያወጣው ምናልባት ሌላ ትምህርት ይጨመርበት ይሆናል ብሎ ይፈራል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ሰዎች ወደ ጌታ መጥተው ጲላጦስ ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች አወሩለት። ጌታም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱ 18 ሰዎችን ጨምሮ ጠየቃቸው፤ እነዚህ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ ይመስላችኋልን? ራሱም መለሰው፤ አይደለም። ያዘዛቸው የሞቱትን ሳይሆን የራሳቸውን ኃጢአት እንዲመረምሩና ንስሐ እንዲገቡ ነው። ከሞት ትምህርት ማውጣት የሚፈልግ ሰው ይህን ቦታ ደጋግሞ ቢያነበው ጥሩ ነው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ «እርሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት ሠሩ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ሁለቱም አይደሉም የሚል ነበር። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ግን ጌታ አለቀሰ። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ።

ዛሬ ማታ ቁርስ ቤቱን ዘግተሽ ስትገቢ ከልጅሽ ጋር ተቀመጪና «ስለ ጓደኛህ የነገርኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» በዪው። ከዚያ በኋላ ምንም አትጨምሪ። ምሳሌም ጥቅስም አያስፈልግም። ካለቀሰ አብረሽው አልቅሺ፤ ዝም ካለም አብረሽው ዝም በዪ። የልጁን እናት ደግሞ ሄደሽ ጠይቂያት። ክረምት የሞተ ልጅ አርባው ወጥቷል፤ ለቅሶ ቤቱን ሞልቶት የነበረው ሰው ወደየቤቱ ገብቷል፤ እናት ለብቻዋ የምትቀርበት ጊዜ አሁን ነው። ልጅሽ አብሮሽ መሄድ ከፈለገ ውሰጂው። ከዚህ ሞት የሚወሰድ አንድ ነገር ካለም የሰፈራችሁ ልጆች አዋቂ ሳይኖር ብቻቸውን ወደ ውሃ እንዳይገቡ ወላጆች ተነጋግራችሁ የምታደርጉት ነገር ነው። ይህም የእምነት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሽሮው እንመለስ።

ከዕለት ኑሮ የእግዚአብሔርን ነገር ማውጣት የአያትሽ ልማድ ብቻ አይደለም። የጌታችን ትምህርት አብዛኛው በዘርና በእርሾ፣ በመረብና በበግ የተነገረ ነው፤ ቤቷን ጠርጋ የጠፋ ሳንቲሟን የፈለገችውን ሴትም ታውቂያታለሽ። ስለዚህ ልጅሽ ሰለቸኝ ስላለ ልማዱን አትተዪ። ግን ወንጌሉን ስታነቢ አንድ ነገር አስተውዪ። ጌታ ለሕዝቡ ምሳሌውን ተናግሮ ብዙ ጊዜ ፍቺውን አይጨምርም ነበር። በማርቆስ ምዕራፍ 4 ላይ እንደተጻፈው ለብቻቸው ሲሆኑ ደቀ መዛሙርቱ ይጠይቁታል፤ ያን ጊዜ ይፈታላቸዋል። በብሉይ ኪዳንም እንዲሁ ነው። ኢያሱ ከዮርዳኖስ 12 ድንጋዮች አስወጥቶ ያስቆመው ልጆች ነገ «እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። በዘፀአት ምዕራፍ 12 የፋሲካው ሥርዓት ሲሰጥም «ልጆቻችሁ ይህ ምንድን ነው ባሏችሁ ጊዜ» ይላል፤ በዘዳግም ምዕራፍ 6 እንደገና «ልጅህ በጠየቀህ ጊዜ»። በሦስቱም ቦታ አፉን አስቀድሞ የሚከፍተው ልጁ ነው። ወላጅ ድንጋዩን ያቆማል፣ በዓሉን ያከብራል፣ ይኖረዋል፤ ልጅ ያያል፣ ይጠይቃል፤ ከዚያ ይነገረዋል።

አንቺ ጥያቄው ሳይመጣ መልሱን አቀረብሽለት። የሽሮው ምሳሌ ስህተት የለበትም፤ ልጁ ግን ያን ሰዓት ራቱን እየጠበቀ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትልቅ ጥያቄ ይዞልሽ መጥቷል እኮ፤ የሱስንዮስን። ምሳሌ የሰለቸው ልጅ እግዚአብሔር ሰልችቶታል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ተረጂ። ወደ ጥያቄው እመለስበታለሁ።

አያትሽ ትምህርቷን የምታወጣው አብራው ከኖረችው ነገር እንደነበር እገምታለሁ። ዝናብ ሲዘገይ የምትራበው እሷ ናት፤ ላሟ ስትታመም የምታድረው እሷ ናት። ስለዚህ ቃሏ ክብደት ነበረው። አንቺም መጀመሪያ ነገሩን ራሱን በደንብ እዪው። ከሐይቁ ዳር ስለምትኖሪ ልጅሽን ይዘሽ የደንገል ታንኳ ወደሚሠራበት ዳርቻ ሂጂ። ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ጫፉ እንዴት እንደሚሾል እዩ። ታንኳው ውሃ ላይ ሲሠራ ከዋለ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ጎትቶ ያወጣውና ፀሐይ ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። ውሃው ውስጥ ቢተወው ቶሎ ይበሰብሳል። እኔ ይህን ሳይ ሥራ ሥራ ሲሉ ውለው ለጸሎት፣ ለሰንበት፣ ለጾም ከውሃው ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ይታዩኛል፤ ለእንጀራ የምንሮጥ ሁሉ ከዚያ ውስጥ አለንበት። አንቺ ሌላ ነገር ይታይሽ ይሆናል። ልጅሽ ግን ምንም ባይታየው አትጎትጉቺው።

እንዲያውም እዚያ ዳርቻ ላይ ከታንኳው የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ታንኳውን የሚሠራው ሰው። ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በጣና ዙሪያ በደንገልና በዓሣ፣ ቀድሞም ጉማሬ በማደን የኖሩ፣ አማርኛ የሚናገሩ፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ወገኖቻችን ናቸው። የገዳማቱ አባቶች በእነዚህ ሰዎች እጅ በተሠራ ታንኳ ስንት ዘመን ተሻግረዋል! ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ግን ሲናቁ፣ ሲገለሉ፣ ማዕድ ሲነፈጋቸው ኖረዋል፤ ንቀቱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በሃይማኖት የምንለያይበትን ልዩነት አልሸፍንም። ልዩነቱ ግን ሰውን ለመናቅ ፈቃድ አይሰጥም። ጌታ በሲካር ጉድጓድ አጠገብ ለሳምራዊቷ ሴት ስብከት የጀመረው ውሃ አጠጪኝ ብሎ ነው፤ አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በማይተባበሩበት ዘመን።

ልጅሽ «ሰዎች ለምን ይንቋቸዋል?» ብሎ ከጠየቀ እውነቱን ንገሪው። አንቺ የምትሰጪው ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ግን ያ ሰው ቁርስ ቤትሽ ሲመጣ እንደማንኛውም ደንበኛ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በዚያው ሲኒ ቡና ሲጠጣ ልጅሽ ማየቱ ነው። ያኔ ስለ ደጉ ሳምራዊ ባትናገሪም ታሪኩን እሑድ ሲሰማው ያውቀዋል። የዕለት ኑሮ ትምህርት ስንል ብዙ ጊዜ ዕቃና ዛፍ እንፈልጋለን፤ ሰውን ደግሞ አልፈን እንሄዳለን። ይህ ያሳዝነኛል።

አሁን ሱስንዮስ። እውነቱን አጥርተን እንያዘው።

አፄ ሱስንዮስ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ነው። ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከእናንተ ማዶ፣ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ በጎርጎራ ተቀምጦ በትዕግሥት ንጉሡን ቀረበው፤ ንጉሡም በ1622 ካቶሊክነቱን በግልጽ አወጣ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። ከእሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ጠየቀ፤ ንጉሡም በኃይሉ ደገፈው። አገር ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ከላስታ የተነሡትን ዓማፅያን ድል አደረገ፤ የወደቁትም 8000 ያህል እንደነበሩ ተጽፏል። ከድሉ በኋላ በሜዳው ላይ የተረፈረፉት የውጭ ጠላት ሳይሆኑ የራሱ ሕዝብ፣ ክርስቲያኖችና ዘመዶች መሆናቸው እንደተነገረው የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በዚያው ዓመት የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመን «እኛ አሸነፍን» እንላለን። ልጅሽ ግን ጎበዝ ልጅ ይመስለኛልና የቀረውንም ያገኘዋል፤ ካንቺ ቢሰማው ይሻላል። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ ተደብቀው ከቀሩት ጥቂቶቹ ተገደሉ። ከፋሲለደስ 200 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎም አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች፣ በጽኑ አሳድዷል። የዘርዓ ያዕቆብም የፋሲለደስም አፅም ያረፈው እዚያው ጣና ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ወደ ገዳሙ መግባት አይፈቀድልሽም፤ ልጅሽ ግን ከአጎቱ ወይም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሄዶ ማየት ይችላል። ነገሥታቱ ለቤተ ክርስቲያን የሠሩትን ብዙ በጎ ነገርም ከዚህኛው ጋር አንድ ላይ ይስማ።

«ታዲያ ከዚህ ምን ትምህርት ይወጣል?» ላለሽ እንዲህ ብትዪው ደስ ይለኛል፦ እምነት በሰይፍ ሲገባ ሰው ይሞታል እንጂ አያምንም፤ ሰይፉን ደግሞ የያዘው ሁልጊዜ ሌላ ሰው አልነበረም፤ የእኛም ወገን ይዞታል። ይህን መናገር እምነቱን ያፈርስብኛል ብለሽ አትፍሪ። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የዳዊትን ዝሙትና ግድያ አልደበቀም። ጴጥሮስ ጌታውን መካዱን አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የሐዋርያት አለቃ ስትለው ትኖራለች። የሚያፈርሰው መደበቁ ነው። በልጅነቱ የተነገረው ግማሽ እንደሆነ በ20 ዓመቱ ያወቀ ወጣት የቀረውንም ሁሉ ይጠራጠራል።

ስለዚሁ አንድ ምክር ልጨምር። የታሪክ ማስረጃ ያለውን እንደ ታሪክ፣ በትውፊት የተቀበልነውን «አባቶቻችን እንዲህ ሲሉ ነገሩን» ብለሽ ንገሪው። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በጣና ቂርቆስ ኖራለች የሚለው ትውፊት ነው፤ በክብር ይነገር፤ በስሙ ይነገር። ትውፊት መሆኑን መናገር አያሳንሰውም።

ከታሪኩ ወደ ዛሬም አምጪው። በክፍሉ ውስጥ ጴንጤ ነው ተብሎ የሚሾፍበት ልጅ አለ? ሙስሊም ሆኖ ብቻውን የሚቀመጥ አለ? ልጅሽ ከእነሱ ጋር ምን ያደርጋል? ይህን ጠይቂውና መልሱን እስከ መጨረሻው አዳምጪ። የ1632ን ሜዳ ያዘነለት ልጅ የክፍል ጓደኛው ላይ ሲሾፍ ከተገኘ ነገሩ ገና አልገባውም፤ አንቺም በእርጋታ ልትነግሪው ትችያለሽ።

«ቄስ ሳልሆን ይገባኛል ወይ?» ብለሻል። በዚያው በሱስንዮስ ዘመን የነበረችውን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1592 የተወለደች የባላባት ልጅ ናት፤ ባሏ ከንጉሡ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበር፤ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ሃይማኖት ሲለወጥ ከባሏና ከድሎቷ ተለይታ መነኮሰች፤ በንጉሡ ፊት ተከሰሰች፤ ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች። ከዚያ በጣና ዙሪያ ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩባቸውን ማኅበራት መሥርታ እስካረፈችበት እስከ 1642 ድረስ መራች። በምሥራቁ ዳርቻ ያለው የቆራጣ ገዳም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ የሚያውቋት ሰዎች የነገሩት ተሰብስቦ ነው። ክህነት አልነበራትም። ግን ስንቱ ሰው በእሷ ጸና!

ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት የእምነቱን ምንጭ ስሙን ጠርቶ ያስታውሰዋል፤ አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ። አያትና እናት፤ እንዳንቺ ቤት። ስለዚህ ይገባሻል። የምሥጢራትና የቀኖና ጥያቄ ሲመጣ «ይህን ለንስሐ አባታችን እንጠይቅ» በዪው፤ አብራችሁ ሂዱ። እናቱ የማታውቀውን ስትጠይቅ ማየቱም ለልጅ ጥሩ ነው።

አንድ ቀን ቁርስ ቤቱን ለረዳትሽ ትተሽ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ዘጌ ተሻገሪ፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ሴቶችም ይገባሉ። ከወደቡ ወደ ገዳሙ ስትወጡ ከጥላው ሥር ያለውን ቡና እዩ። በዘጌ ምድር ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት ተከልክሎ ስለኖረ ሌላው ዳርቻ ሲራቆት ይህ ደን እስከ ዛሬ ቆሟል። ቡናው፣ ጌሾው፣ ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀለ አባቶች ይናገራሉ። ውስጥ ገብታችሁም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በላኤ ሰብእን ፈልጉት። 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ውሃ ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ ምሕረት ያገኘው እሱ ነው። ሥዕሉ ማንበብ ለማይችሉት እንደ አያትሽ ላሉት ጭምር የተሣለ ነው።

ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ ምንም አትናገሪ። ልጅሽ ይጠይቅሽ። ከተመለሳችሁ በኋላ ምን ብሎ እንደጠየቀሽና ምን ብለሽ እንደመለስሽለት ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ። ለሟቹ ልጅ ነፍስ ይማር፤ እናቱንም እግዚአብሔር ያጽናናት።